ዋጋም ማኅተምም የሌለው ኮሌጅ፤ ወደ ፓሪሱ «42» ትምህርት ቤት ለመግባት የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ዋጋው፣ ሁለተኛውም የጥራቱ ምስክር ነው። ዋጋው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዕቃው ደኅና ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይገምታል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ ደግሞ ሌላ ሰው በርሱ ፈንታ መርምሮታል ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲልክም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የትምህርቱን ክፍያ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ትምህርት ቤቱ በመንግሥት የታወቀ መሆኑንና አለመሆኑን ይጠይቃል። እንግዲህ ዋጋም ማኅተምም የሌለው ኮሌጅ ቢገጥመው በምን ሚዛን ይመዝነዋል?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተፈጠረ አይደለም። በፓሪስ ከተማ፣ በ17ኛው ወረዳ፣ በቤሲዬር ጐዳና ላይ «42» የሚባል ትምህርት ቤት በ2013 ተከፍቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚለመድበት ነው። ከተማሪው አንድ ሳንቲም አይቀበልም። ያለፈ ትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። ሲከፈትም የፈረንሳይ መንግሥት የሚያውቀው ዲፕሎማ አይሰጥም ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ ሌሊትና ቀን፣ እሑድንም ጨምሮ፣ በሩ አይዘጋም፤ በደጁም የሚሰለፈው ወጣት ብዙ ነው። የንግድን ሰው ይበልጥ ሊያስደንቀው የሚገባው ግን ያቋቋሙት ሰው ራሳቸው ነጋዴ መሆናቸው ነው።

ሙሴ ግዛቪዬ ኒዬል በ1967 የተወለዱ ፈረንሳዊ ሲሆኑ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የላቸውም። ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት ፈረንሳውያን ሚኒቴል የሚባል፣ ከስልክ ጋር የሚያያዝ ትንሽ መሣሪያ በየቤታቸው ነበራቸው፤ ሙሴ ኒዬልም ገና በወጣትነታቸው በዚሁ መሣሪያ በኩል አገልግሎት እየሸጡ የመጀመሪያ ገንዘባቸውን አገኙ። በ1999 «ፍሪ» የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎታቸው ተጀመረ። በጥር ወር 2012 ደግሞ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ገበያ ገብተው አንዱን ውል በወር 2 ዩሮ፣ ሁለተኛውን በወር 19 ዩሮ ከ99 ሳንቲም አቀረቡ። ነባሮቹ ኩባንያዎች ዋጋቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ዋጋ የሰበረ ነጋዴ በጐረቤቶቹ ዘንድ እንደማይወደድ የታወቀ ነው፤ በደንበኞቹ ዘንድ ግን ስሙ ይነሣል።

እኒህ ሰው በመጋቢት ወር 2013 ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት በይፋ ሲያስታውቁ ያቀረቡት ምክንያት የአሠሪ ምክንያት ነበር። ኩባንያዎች ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ፈልገው ያጣሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ተሰጥኦ ያለው ወጣት ዲፕሎማ ስለሌለው ብቻ ከበር ይመለሳል። ሻጭና ገዢ ሳይገናኙ የሚቀሩበት ገበያ ማለት ይህ ነው። ለሥራው ከራሳቸው ገንዘብ 70 ሚሊዮን ዩሮ መደቡ፤ ከዚህም 20 ሚሊዮኑ ለማቋቋሚያ፣ የቀረው 50 ሚሊዮን ለዐሥር ዓመት ማስኬጃ ነበር። አብረዋቸው የተነሡት ሙሴ ኒኮላ ሳዲራክ፣ ሙሴ ኳሜ ያምኛንና ሙሴ ፍሎሪያን ቡሼ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በክፍያ ከሚያስተምረው «ኤፒቴክ» ከሚባለው የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። በክፍያ ሲሸጥ የነበረውን የማስተማር ዘዴ የሚያውቁት ሰዎች ያንኑ በነፃ ለማደል ወጡ ማለት ነው። ስሙንም የወሰዱት ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከዳግላስ አዳምስ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «42» ለሕይወት ታላቅ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ተጽፏል።

አሁን ማኅተም የለውም ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። በፈረንሳይ አገር የዲግሪ ስሞች የመንግሥት ንብረት ናቸው። «ሊሳንስ»ም ሆነ «ማስተር» የሚባለውን ማዕረግ ማንም የግል ትምህርት ቤት በራሱ ፈቃድ ሊያድል አይችልም። የኢንጂነርን ዲፕሎማ ለመስጠትም በ1934 ሕግ የተቋቋመ ኮሚሲዮን ትምህርት ቤቱን መርምሮ መፍቀድ አለበት። ይሁን እንጂ የግል ትምህርት ቤት ከፍቶ ማስተማር ራሱ የተከለከለ አይደለም። «42» የመረጠው መንገድ ይህ ነው፤ አስተማረ፣ ነገር ግን ዲግሪ እሰጣለሁ አላለም። ለሚመጡት ወጣቶችም ይህን ከመጀመሪያው ቀን አልሸሸጋቸውም።

ይህ ትምህርት ቤት ማኅተም የሌለው እንጂ ማኅተም የሰረቀ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ አባት በቀላሉ ይታለላል። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ መሥሪያ ቤቱ በፓኪስታን በካራቺ ከተማ የሚገኝ አንድ ኩባንያ፣ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ይሸጥ እንደ ነበር ገልጦ ጻፈ። ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚያ የሐሰት ትምህርት ቤቶች በወረቀት ሲታዩ «የታወቁ» ነበሩ፤ እውቅና ሰጪ የሚባለውንም መሥሪያ ቤት የፈጠረው ራሱ ኩባንያው ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ገንዘብ ይቀበላል፣ ሥራ አይጠይቅም፣ ወረቀት ቶሎ ይሰጣል። «42» ደግሞ ገንዘብ አይቀበልም፣ ወረቀት አይሰጥም ነበር፣ የሚጠይቀው ሥራ ግን ከባድ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሕግ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ የሚሸጠው ነገር ሥራው ነው ወይስ ወረቀቱ ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

የማመልከቻው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። አመልካቹ በኢንተርኔት ላይ ስሙንና ዕድሜውን ያስመዘግባል። የሚጠበቅበት ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ30 ዓመት በላይ የሆነ አይገባም ነበር፣ ይህ ወሰን ግን በኋላ ተነሥቷል። የትምህርት ውጤት፣ የአስተማሪ ድጋፍ ደብዳቤ፣ የአባት ገቢ፣ ከነዚህ አንዱም አይጠየቅም። ወዲያው ሁለት ፈተናዎች በጨዋታ መልክ ይቀርቡለታል። አንደኛው የማስታወስ ችሎታን የሚለካ ሲሆን ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለተኛው እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ የማመዛዘን ፈተና ነው፤ የዚህም ጠባዩ እንግዳ ነው፤ ምን መሥራት እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ የለበትም። ተፈታኙ ራሱ እየነካካ፣ እየተሳሳተ፣ ደንቡን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ሰው ሊያልፈው ይችላል፤ ትእዛዝ እስኪሰጠው ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ግን አያልፈውም።

ይህን ያለፈ ሰው ወደ ዋናው ፈተና ይጠራል። ስሙ በፈረንሳይኛ «ፒሲን» ይባላል፣ የመዋኛ ገንዳ ማለት ነው። ዋና የማያውቅን ሰው ውሃ ውስጥ ጥሎ ተንሳፍፎ እንደሚወጣ ወይም እንደማይወጣ ማየት ነው፤ ስሙ ለነገሩ የተገባ ነው። ገንዳው 26 ቀን ይፈጃል። በነዚህ ቀኖች ውስጥ አመልካቾቹ በመቶ ተቈጥረው በአንድ አዳራሽ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጣሉ። ሌክቸር የለም፤ መምህር የለም፤ መጽሐፍም አይታደልም። ጠዋት ሲገቡ የሚያገኙት የሥራ ዝርዝር ነው። «ሲ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ሥሩ፣ ያን ሥሩ ይላቸዋል። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የነርሱ ፈንታ ነው፤ ከኢንተርኔት መፈለግ ወይም በአጠገብ የተቀመጠውን ሰው መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። ያ ሰውም እንደነርሱ የማያውቅ ነው።

የተሠራውን ሥራ የሚመረምረው መጀመሪያ ሰው አይደለም፤ «ሙሊኔት» የሚባል መርማሪ ፕሮግራም ነው። ትርጓሜውም ትንሽ ወፍጮ ማለት ነው። ወፍጮዋ ምሕረት የላትም። ከዝርዝሩ ሦስተኛው ሥራ የተበላሸ እንደ ሆነ አራተኛውና አምስተኛው ምንም ያህል ቢያምሩ አይቈጠሩም፤ ነጥቡ ከስሕተቱ ላይ ይቆማል። የአጻጻፍ ደንብም አለ፤ የአንድ ፕሮግራም ክፍል ከ25 መስመር መብለጥ የለበትም፣ አንድ መስመርም ከ80 ፊደል መብለጥ አይፈቀድለትም። ከዚህ የወጣ ሥራ በትክክል ቢሠራም ይጣላል። ይህ ለተራ ሰው ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። በኤል ሲ የሚሠራ ላኪ ግን አይደንቀውም። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ በጭነት ሰነዱ ላይ የተጻፈው የከረጢት ቍጥር ከኤል ሲው ጋር ስላልተስማማ ባንክ ክፍያ እንቢ ያለው ነጋዴ ጥቂት አይደለም፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሞልቶ የሚያውቅ ሰውም አንዲት አኀዝ ምን ያህል እንደምታስመልስ ያውቃል። ኮምፒዩተርም እንደ ባንክ ጸሐፊ ነው፤ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ አይገምትም፣ የጻፉትን ብቻ ያነባል።

ከወፍጮዋ ቀጥሎ የሰው ምርመራ ይመጣል፤ መርማሪዎቹ ግን ራሳቸው አመልካቾቹ ናቸው። ለምክር ቤቱ አንባቢዎች ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የዚህ አሠራር ሳይሆን አይቀርም፤ እውነተኛ ገበያ ነውና። እያንዳንዱ አመልካች ጥቂት የመመርመሪያ ነጥቦች ይሰጠዋል። ሥራውን ሌላ ሰው እንዲመረምርለት ሲፈልግ ነጥብ ይከፍላል፤ እርሱ የሌላውን ሲመረምር ደግሞ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ለራሱ ብቻ ተቀምጦ የሚሠራ ብልኅ ሰው ነጥቡ ያልቅበትና ተነሥቶ የሰው ሥራ ለማየት ይገደዳል። ተመርማሪውም ዝም ብሎ ውጤት አይጠብቅም፤ የጻፈውን እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደ ጻፈው አፉን ከፍቶ ማስረዳት አለበት። ከጓደኛው ገልብጦ ያመጣ ሰው የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ለተገኘበትም ቅጣቱ ዜሮ አይደለም፤ ከዜሮ በታች 42 ነው። የትምህርት ቤቱን ስም በቅጣትነት መጠቀማቸው ቀልድ ያለበት ነው፤ ቅጣቱ ግን ቀልድ አይደለም።

በየሳምንቱ ዓርብ አራት ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ኢንተርኔትም ሆነ ማስታወሻ አይፈቀድም፤ ጓደኛም አያናግርም። በመጨረሻው ዓርብ የሚሰጠው ፈተና ስምንት ሰዓት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ አመልካቾቹ ራሳቸው ባልመረጧቸው ጓዶች እየተከፈሉ አንድ ሥራ በጥቂት ጊዜ እንዲጨርሱ ይታዘዛሉ፤ ከቡድኑ አንዱ ቢቀር ሌሎቹ አብረው ይጐዳሉ። የሚያልፈው ማን እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ ማለፊያ ነጥብ ቈርጦ አይናገርም። ብዙ ነጥብ ይዞ የሚወድቅ፣ ጥቂት ነጥብ ይዞ የሚያልፍም አለ ይባላል፤ የሚታየው በመጀመሪያው ቀን ምንም የማያውቀው ሰው በ26ኛው ቀን የት ደረሰ የሚለው ነው። በዚህ አሠራር ላይ ቅሬታ የሚያሰሙ አሉ፣ ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጋው ያልተለጠፈበት ሱቅ ደንበኛውን ያጠራጥረዋል።

በመጀመሪያው ዓመት በ2013 በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶች በኢንተርኔት ያሉትን ጨዋታዎች ሞከሩ። ከነዚህም 4 ሺሕ ያህሉ በበጋው ወራት ወደ ገንዳው ተጠርተው፣ በመጨረሻ ወደ 1 ሺሕ የሚጠጉት ተቀባይነት አገኙ፤ ትምህርቱም በኅዳር ወር ተጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዘመን ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዲፕሎማ የማይጠይቅ በር ለሁሉ እኩል የተከፈተ ነው ማለት እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። በ2018 የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆነው የተሾሙት ማዳም ሶፊ ቪዤ የሴቶችን ቍጥር ማብዛትን ከዋና ሥራቸው አንዱ አድርገው ያዙት።

ክፍያ የለውም የሚለውን ቃል ነጋዴ እንደ ነጋዴ ሊመረምረው ይገባል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ፓሪስ ግን ነፃ አይደለችም። ትምህርት ቤቱ ማደሪያ የለውም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሩቅ የመጡ አመልካቾች ፍራሽ ይዘው በየኮሪደሩ ሲያድሩ በየጋዜጣው ታይቷል። ከዚህም በላይ 26 ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ሌሊት በዚያ የሚቀመጥ ሰው በሌላ ቦታ ሠርቶ ደመወዝ ሊያገኝ አይችልም። በሱቅ የሚሠራ ወጣት ቢሆን የወር ደመወዙን ያጣል፤ አሠሪው ቦታውን ካልጠበቀለትም ሥራውን ያጣል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ላይገባ ይችላል፤ የማይገባው ደግሞ ከሚገባው የሚበዛበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ዋጋው አልተሰረዘም፤ ከገንዘብ ወደ ጊዜ ተዛውሯል እንጂ። ጊዜ ደግሞ ባለጸጋና ድኻ እኩል አይከፍሉትም፤ የአንድ ወር ቀለብ የሚሸፍንለት አባት ያለው ልጅ ያለ ሥጋት ይዋኛል።

ከገባም በኋላ አመልካችነቱ አላበቃም ለማለት ይቻላል። ለብዙ ዓመት የተሠራበት ደንብ «ጥቁር ጕድጓድ» ይባል ነበር። ተማሪው የተቈጠሩ ቀኖች ይሰጡታል፤ አንድ ሥራ በጨረሰ ቍጥር ቀኖች ይጨመሩለታል፤ ሳይሠራ ቀኖቹ ካለቁ ያለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል። በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድም የግዴታ ነው፤ ብዙዎችም በልምምዱ የቀጠራቸው ኩባንያ እዚያው አስቀርቷቸው ትምህርቱን ሳይጨርሱ ቀርተዋል። በሌላ ኮሌጅ ቢሆን ይህ ውድቀት ተብሎ ይጻፍ ነበር። በዚህ ግን ገዢ የተገኘለት ዕቃ ከመጋዘን ወጣ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱም የተነሣው ለዚሁ ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ሙሉ አይሆንም። ያለ ማኅተም መኖር ይቻላል ብሎ የተነሣው ይኸው ትምህርት ቤት፣ ከጊዜ በኋላ የሚሰጣቸውን የሙያ ማዕረጎች በፈረንሳይ መንግሥት የሙያ ማረጋገጫዎች መዝገብ ላይ አስመዝግቧል። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይደሉም፤ የትምህርት ደረጃን ግን በመንግሥት ፊት ያመለክታሉ። ለምን አስፈለጋቸው? የፓሪስ ኩባንያዎች የ«42»ን ስም ዐውቀው ያለ ወረቀት ይቀጥሩ ነበር። ነገር ግን ኩባንያ ብቻ አይደለም በር ያለው። የመንግሥት ሥራ የሚፈልግ፣ ወደ ሌላ አገር ሄዶ በሙያው የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ወይም በኋላ በዩኒቨርሲቲ ሊቀጥል የሚሻ ሰው ፊት የሚቀመጠው ጸሐፊ ሥራውን አይመረምርም፤ ወረቀቱን ብቻ ያያል። ዝና በአንድ ከተማ ውስጥ ማኅተምን ሊተካ ይችላል፤ ድንበር ሲሻገር ግን ዝናው ይቀራል፣ ማኅተሙ ይሻገራል።

ነፃ ነገር ሲገኝ ሌላው መጠየቅ ያለበት ማን እንደሚከፍልና እስከ መቼ እንደሚከፍል ነው። ሙሴ ኒዬል በ2016 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በፍሪሞንት ከተማ እንዲሁ ነፃ የሆነ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ለማቋቋም 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጡ አስታውቀው ነበር። በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተዘጋ። ተማሪው ገንዘብ ያልከፈለበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመለስለት ገንዘብ የለም፤ ያጠፋው ጊዜ ግን አይመለስለትም። ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚልክ አባት፣ ዱቤ የሚሰጠውን ሰው አቅም እንደሚመረምር ሁሉ የሰጪውን አቅም መመርመሩ ነውር አይደለም።

በሌሎች አገሮች ዕዳውን የተሸከሙት ሌሎች ሆነዋል፤ ዛሬ በዚህ ዘዴ የሚሠሩት ትምህርት ቤቶች ከ50 በላይ ናቸው። በሞሮኮ በ2018 በኹሪብጋ ከተማ «1337» በሚል ስም የተከፈተው ወጪው የሚሸፈነው «ኦሴፔ» በሚባለው የፎስፌት ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ለኢትዮጵያ የአፈር ማዳበሪያ ከሚሸጡት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ስለ ሆነ ስሙ ለአስመጪዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከኹሪብጋ መሬት የሚወጣው ፎስፌት አንድ ቀን እንደሚቀንስ የሚያስብ ኩባንያ፣ በዚያው ከተማ ላሉ ልጆች ሌላ ሙያ ቢያዘጋጅ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው። በአንጎላ በሉዋንዳ፣ በማዳጋስካርም በአንታናናሪቮ ከተማ እንዲሁ ተከፍቷል። በ2020 ደግሞ በአቡ ዳቢ ተቋቁሟል፤ ይህም በኢሚሬትስ ዘመድ ላለው ብዙ የአገራችን ቤተሰብ ከፓሪስ ይልቅ የቀረበ ነው።

ወደ አገር ቤት የሚመለስ ልጅ የሚገጥመውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በኢትዮጵያ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን መርምሮ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በተማረበት አገር በመንግሥት ያልታወቀ ትምህርት ይዞ የመጣ ሰው ለአቻ ግምት የሚያቀርበው ወረቀት የለውም፤ ዲግሪ የሚጠየቅበትን የመንግሥት ሥራም በዚህ መንገድ አያገኝም። የ«42» ዘዴ በየአገሩ የተለያየ ሕግ ስለሚያገኘው፣ በፓሪስ የተመዘገበው ማዕረግ በሌላው ከተማም ይሰጣል ብሎ መገመት አይቻልም። በየትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የግል ነጋዴ ግን በራሱ ቤት ለሚቀጥረው ሰው መስፈርት የሚያወጣው ራሱ ነው። የቡና ላኪዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ጭነት ቡና የደረጃ ወረቀት ተሰጥቶት ይወጣል፤ ወረቀቱ ያስፈልጋል፣ ያለ እርሱ ከወደብ አይንቀሳቀስም። ይሁን እንጂ በሐምቡርግ ያለው ገዢ ወረቀቱን አንብቦ ብቻ አይገዛም፤ ናሙናው ይላክልኝ ይላል፣ ናሙናውም ሲደርሰው ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በስኒ ቀምሶ ነው ዋጋ የሚቈርጠው። የኮምፒዩተር ሠራተኛ የሚቀጥሩ ነጋዴዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በወረቀቱ ብቻ ገዝተዋል። የመጋዘኑን ሒሳብ ወደ ኮምፒዩተር እንዲያስገባ በዲግሪው የተቀጠረው ሰው ሥራው ላይ ሲደርስ የማይችል ሆኖ የተገኘበት ቤት አለ፤ ያለ ዲግሪ የመጣውንና የሚችለውን ከበር የመለሰም እንዲሁ አለ። ቅምሻው አስቸጋሪ አይደለም። አመልካቹን የአንድ ወር የሽያጭ መዝገብ ሰጥቶ፣ ሦስት ቀን አስቀምጦ፣ የጐደለውን ዕቃ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም እንዲሠራ ማዘዝና ለሦስቱ ቀን አበሉን መክፈል ነው። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ የሠራውን በቃሉ ያስረዳ፤ ባለ ሱቁ ፕሮግራም ባያውቅም የገዛ መጋዘኑን ስለሚያውቅ ውሸቱን ከእውነቱ ይለየዋል።

ለማመልከት የቈረጠ ወጣት ቢኖር ጥቂት ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። ሁለቱን ጨዋታዎች ያለፈ ሁሉ ወዲያው ወደ ገንዳው አይገባም፤ ቦታዎቹ በየጊዜው በኢንተርኔት ላይ ይለቀቃሉ፣ ቀድሞ የያዘ ያገኛል፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ። ስለዚህ የሚለቀቁበትን ቀን ጠብቆ፣ መብራትና መሥመር የማይጠፋበትን ቦታ መርጦ መቀመጥ ይሻላል። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ከሆነ ለ26 ቀን ፈተና ምን ዓይነት ቪዛ እንደሚሰጥ ከቆንስላው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቦታው ተገኝቶ ቪዛው ቢዘገይ ቀኑ ያልፋልና። አንሶላውንና የሚቀይረውን ልብስ ይያዝ፣ የወር ቀለቡንም አስቀድሞ ይቍጠር።